እንዴት ይሠራል? ወገብ ተከፍቶ እግር የሚድንበት ቀዶ ጥገና

በብዙ ቤት የሚታወቅ ምሽት ነው። አባት፣ እናት ወይም ገና ጎልማሳ የሆነ ወንድም ከመቀመጫው እስከ እግሩ ጣት እየነዘረው ስንት ሌሊት ሳይተኛ ከርሟል። ኤም አር አይ ተነስቶ «ዲስክ» የሚል ውጤት መጥቷል፤ ሐኪሙም የቀዶ ጥገና ነገር አንስቷል። ቤተሰቡ ለምክር ይሰበሰባል። አንዱ «ወገብ ተነክቶ የዳነ የለም፣ አልጋ ላይ ያስቀራል» ይላል። ሌላው «የጎረቤታችን ልጅ ተሠርቶ ይኸው ሥራ ገብቶ የለም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው አንድ የታወቀ ወጌሻ ይጠቁማል፤ አራተኛው ገንዘብ አዋጥተን ወደ ውጭ እንላከው ይላል።

ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው። ውሳኔው የሚከብደው ግን ሐኪሙ ወገብ ከፍቶ ምን እንደሚያደርግ በቤቱ ውስጥ የሚያስረዳ ሰው ስለማይኖር ነው። እኔም ይህን የምጽፈው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ከጽሑፉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ይህ ቀዶ ጥገና የተጎዳውን ዲስክ አይጠግንም፤ ዲስኩ የተጫነውን ነርቭ ነጻ ያወጣል። መቼ እንደሚያስፈልግ፣ መቼ እንደማያስፈልግና ከእሱ ምን መጠበቅ እንዳለብን የምንረዳው ከዚህ ተነስተን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወገብ ውስጥ ምን አለ?

እስቲ ሁለት እጆቻችሁን ግራና ቀኝ የዳሌ አጥንታችሁ አናት ላይ አሳርፉ። አውራ ጣቶቻችሁን ወደ ኋላ ዘርጉና ጀርባችሁ መሐል ላይ አገናኟቸው። ጣቶቹ የሚገናኙበት ቦታ በአብዛኛው ሰው አራተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከ10 የወገብ ዲስክ መውጣቶች 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ የሚደርሱት ከዚያ አጥንት በታች ባሉት ሁለት ዲስኮች ላይ ነው።

የወገብ አጥንቶች 5 ናቸው። ሐኪሞች ከላይ ወደ ታች ከኤል 1 እስከ ኤል 5 ብለው ይጠሯቸዋል። ከኤል 5 በታች ከዳሌ ጋር የተያያዘው ሰፊ አጥንት ሳክረም ይባላል፤ የእሱ የመጀመሪያ ክፍል ኤስ 1 ነው። በኤም አር አይ ወረቀት ላይ «ኤል 4–ኤል 5» ወይም «ኤል 5–ኤስ 1» የሚል ስታዩ በእነዚያ ሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ማለት ነው።

ዲስክ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ አካል ነው። አሠራሩን ለመረዳት የመኪና ጎማ አስቡ። ጎማ ጥንካሬውን የሚያገኘው እርስ በርስ በተሻገሩ የክር ንብርብሮች ነው። የዲስክ የውጭ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ ከ15 እስከ 25 የሚደርሱ ንብርብሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ንብርብር ውስጥ ያሉት ክሮች ከአጎራባቹ ንብርብር ክሮች ጋር ተሻግረው ይሄዳሉ። በጎማው ውስጥ አየር እንዳለ ሁሉ በዲስኩ መሐል ደግሞ ውሃ የበዛበት ለስላሳ እምብርት አለ። በ1999 በጀርመን አገር ተመራማሪዎች በአንድ ጤነኛ ፈቃደኛ ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብተው ነበር። ሰውየው ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ የተለካው ግፊት በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው እጥፍ ያህል ነበር። ወገቡን አጉብጦ 20 ኪሎ ሲያነሳ ደግሞ ያ ግፊት ከ4 እጥፍ በላይ ጨመረ። ጉልበትን አጥፎ ማንሳት ይሻላል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ጎማና ዲስክ የሚለያዩበት ከባድ ነገር አለ። ጎማ ይቀየራል፤ ዲስክ ግን የአዋቂ ሰው ከሆነ በውስጡ የሚያልፍ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ቀስ እያለ ከሚሰርግለት ፈሳሽ ነው። ስለዚህ አንዴ ከተሰነጠቀ እንደ ቆዳ ቁስል ቶሎ አይሽርም።

ከዲስኮቹ በስተኋላ ነርቮች የሚያልፉበት የአጥንት ቦይ አለ። እዚህ ላይ «አልጋ ላይ ያስቀራል» ለሚለው ስጋት የሚሆን መልስ አለ። ከአንጎል የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ፣ ማለትም ኅብለ ሰረሰር፣ በአዋቂ ሰው የሚያበቃው ኤል 1 እና ኤል 2 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው በፈሳሽ በተሞላ ከረጢት ውስጥ የሚወርድ የነርቭ ሥሮች ስብስብ ነው። በኤል 4–ኤል 5 ወይም በኤል 5–ኤስ 1 ላይ የሚሠራ ሐኪም ኅብለ ሰረሰር ካለቀበት ቦታ በታች ነው የሚሠራው። እነዚያ ነርቮችም ቢሆኑ ሊጎዱ ይችላሉና ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ሆኖም ሰው በጣም የሚፈራው የሁለት እግር ሽባነት በዚህ ቀዶ ጥገና እጅግ ብርቅ ነው።

ዲስክ የሚወጣው እንዴት ነው?

ዲስክ ሙሉ በሙሉ ከቦታው ተነስቶ አይሄድም። የሚወጣው ውስጡ ነው። ግድግዳው በዕድሜ፣ በዘር በሚወረስ ባሕርይ፣ በከባድ ሸክም፣ በሲጋራና በውፍረት ምክንያት እየተሰነጠቀ ይሄዳል። አንድ ቀን ሲያጎነብሱ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ቀላል ዕቃ ሲያነሱ እምብርቱ በስንጥቁ በኩል ይገፋል። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ቅጽበት ብቻ ስለሚያስታውስ «ባልዲ ሳነሳ ነው የያዘኝ» ይላል፤ ስንጥቁ ግን ዓመታት ያስቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ በብዛት የሚታየው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው፤ ይህም ምክንያት አለው። በወጣትነት እምብርቱ ግፊት ቢኖረውም ግድግዳው ጠንካራ ነው። በእርጅና ግድግዳው ቢደክምም እምብርቱ ደርቆ የሚገፋው ነገር ያንሳል። በመካከለኛው ዕድሜ ግን ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፣ እምብርቱም ገና ጉልበት አለው። ዕድሜው የሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት የሚበዛበት ስለሆነ አንድ ሰው ሲታመም ቤቱ በሙሉ ይናጋል።

ታዲያ እግር ለምን ያማል?

ከዲስኩ በስተኋላ፣ ልክ መሐል ላይ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጠንካራ ጅማት አለ። እምብርቱ ሲገፋ መሐሉ ስለሚከለክለው ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ይወጣል። በጎን በኩል ደግሞ ወደ እግር የሚወርደው የነርቭ ሥር ያልፋል። ነርቩ በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ የወጣው ነገር ይጫነዋል። ሁለተኛ፣ የእምብርቱ ኬሚካሎች ነርቩን ያስቆጡታል፤ ያበጠና የተቆጣ ነርቭ ደግሞ ቀላል ንክኪ እንኳ ያንገበግበዋል። ትንሽ ቁራጭ ወጥቶበት የሚጮህ ሰው፣ ትልቅ ወጥቶበት የማይሰማው ሰውም ያለው ለዚህ ነው።

ነርቩ መነሻው ወገብ ቢሆንም የሚያገለግለው እግርን ነው። ስለዚህ አንጎል ሕመሙን የሚቆጥረው በእግር ነው። ከኤል 4–ኤል 5 የወጣ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የሚጫነው የኤል 5 ነርቭን ነው፤ ሕመሙ በባት የውጭ ጎን ወርዶ የእግሩን ገጽና አውራ ጣቱን ይይዛል፤ በተረከዝ መራመድ ያቅታል። ከኤል 5–ኤስ 1 የወጣው የኤስ 1 ነርቭን ይጫናል፤ ሕመሙ በባት ኋላ ወደ ተረከዝና ወደ ትንሿ ጣት ይወርዳል፤ በእግር ጣት መቆም ይከብዳል።

ሐኪሙ በጀርባ አስተኝቶ ቀጥ ያለ እግራችሁን ቀስ አድርጎ የሚያነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። እግሩ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ሲነሳ ነርቩ ይወጠራል፤ ተይዞ ከሆነ ሕመሙ ከጉልበት በታች ይፈተለካል። ይህን ምርመራ በ1880 የገለጸው ሰርቢያዊው ሐኪምና ደራሲ ላዛር ላዛሬቪች ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን በፈረንሳዊው ላሴግ ስም ነው፤ የላሴግ ተማሪ ፎርስት በ1881 በመመረቂያ ጽሑፉ አቅርቦት ነበር።

ኤም አር አይ ብቻውን አይፈርድም

በ1994 አሜሪካኖች ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን 98 ሰዎች ኤም አር አይ አነሷቸው። 52 በመቶው ቢያንስ አንድ ዲስክ አብጦ ተገኘ፤ 27 በመቶው ደግሞ የወጣ ዲስክ ነበራቸው። አንዳቸውም አይታመሙም። ኤም አር አይ የአካልን ቅርጽ ያሳያል፤ ሕመም ግን አይታይበትም።

ስለዚህ ፎቶው ዋጋ የሚኖረው ከእናንተ ታሪክና ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ሲገጥም ነው። ቀኝ እግራችሁን እያመማችሁ ፎቶው ላይ የወጣው ዲስክ በግራ ከሆነ፣ ያ ዲስክ ብዙውን ጊዜ የሕመማችሁ ምክንያት አይደለም። ሕመሙ ወገብ ላይ ብቻ ከሆነና ወደ እግር ካልወረደም የወጣውን ዲስክ ማውጣት ብዙ ላይጠቅም ይችላል። ወረቀቱን ብቻ አይቶ፣ እግራችሁን ሳያነሳና ጉልበታችሁን ሳይፈትሽ ቀዶ ጥገና የሚወስን ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰው የማይነገረው ደስ የሚል ነገር አለ፦ የወጣው የዲስክ ቁራጭ በብዙ ሰው ላይ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከግድግዳው ወጥቶ ቦዩ ውስጥ የገባው ቁራጭ ለሰውነት እንግዳ ነገር ነው። የደም ሴሎች ይከቡታል፣ ይቦጫጭቁታል፣ ቀስ በቀስም ይበሉታል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት የሰበሰበ አንድ ግምገማ በ2015 እንዳሳየው፣ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ከወጣው ቁራጭ ውስጥ 96 በመቶው በጊዜ ብዛት ቀንሷል ወይም ጠፍቷል። ገና ከዲስኩ ጋር ተያይዞ ካበጠው ግን የቀነሰው 13 በመቶው ብቻ ነው። በፎቶ ላይ አስፈሪ የሚመስለው ትልቅ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ በተሻለ ሁኔታ የሚጠፋው ነው ማለት ነው።

አደገኛ ምልክት ከሌለ ሐኪሞች ቢያንስ 6 ሳምንት ያህል እንጠብቅ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ጊዜ የሕመም ማስታገሻና መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ለአንዳንዱም በነርቩ አጠገብ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ይታዘዛል። አልጋ ላይ ተኝቶ መክረም ግን አይመከርም። የቻሉትን ያህል መራመድና የዕለት ሥራን ቀስ እያሉ መሥራት ይሻላል።

ወጌሻን በተመለከተ በቅንነት ልናገር። ወጌሻ ለወለቀ እጅና ለተሰናከለ እግር በአገራችን ስንት ዘመን የታመነ እጅ ነው። የወጣ የዲስክ እምብርት ግን ከቆዳ፣ ከወፍራም ጡንቻና ከአጥንት በስተጀርባ፣ ቦይ ውስጥ ነው ያለው። ከውጭ በእጅ ገፍቶ ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። እግሩ የደነዘዘ ወይም የደከመ ሰው ወገቡን በኃይል ሲጫኑት ወይም ሲጠመዝዙት የባሰ ሊጎዳ ስለሚችል፣ እባካችሁ አታስነኩት።

የማይጠበቅበት ጊዜ

ቀን ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች አሉ። በመቀመጫ፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ መደንዘዝ፤ ሽንት አልመጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ መፍሰስ፤ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፤ ሁለቱም እግሮች አብረው መድከም። እነዚህ ትልቅ ቁራጭ የነርቮቹን ስብስብ በሙሉ እንደተጫነ ያመለክታሉ። ቀዶ ጥገናው በሰዓታት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል፤ ብዙ ሐኪሞች 48 ሰዓት እንዳያልፍ ይጥራሉ። ከዘገየ የሽንትና የወሲብ ችግሩ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል።

ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል። እናት ለልጇ፣ አባት ለሐኪሙ ደብቀው ቀናት ያልፋሉ። ቤት ውስጥ በወገብ ሕመም የሚሰቃይ ሰው ካለ «ሽንትህ በደንብ ይመጣል? መቀመጫሽ አካባቢ አልደነዘዘሽም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የአንዱን ሰው ቀሪ ሕይወት የምታድን ጥያቄ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ምልክት እየባሰ የሚሄድ ድካም ነው። እግሩ መሬት እየጎተተ፣ ጫማው ከእግሩ እያመለጠ የመጣ ሰው ጉዳዩ በቶሎ መታየት አለበት። ሕመሙ በድንገት ጠፍቶ ድካሙ ከበረታ ደግሞ መሻል እንዳይመስላችሁ፤ ነርቩ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

በቀዶ ጥገናው ክፍል

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል፤ ከመቆረጡ በፊት ኢንፌክሽን የሚከላከል አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ይገባለታል። ከዚያ በሆዱ ያስተኙታል፤ ሆዱ ግን እንዳይጫን ከደረቱና ከዳሌው ሥር መደገፊያ ይደረጋል። ሆድ ከተጫነ በነርቮቹ ዙሪያ ያሉት ደም መላሾች ይሞላሉ፤ ሐኪሙም በደም መሐል ለማየት ይቸገራል። ሆዱ በነጻነት ሲንጠለጠል ደሙ ይቀንሳል።

ቀጥሎ በኤክስሬይ ቦታውን ማረጋገጥ ነው። የወገብ አጥንቶች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በአንድ ደረጃ ተሳስቶ ጤነኛውን ዲስክ መክፈት በዚህ ሙያ የታወቀ አደጋ ነው። ጥንቁቅ ሐኪም ከመቁረጡ በፊትም አጥንቱ ጋ ከደረሰ በኋላም ፎቶ ያያል።

ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቆዳ ይቆርጣል። ጡንቻውን በታመመው ጎን ብቻ ከአጥንቱ ላይ ገለል ያደርጋል። ማይክሮስኮፑ ከላይ ይመጣል፤ መስኩ ጎልቶ በብርሃን ይሞላል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ቢጫ ጅማት አለ፤ እሱን ከፍቶ ከላይኛው አጥንት ጠርዝ ጥቂት ይቀርፋል። በተከፈተችው ትንሽ መስኮት ነርቭ የያዘው ከረጢትና ወደ ጎን የሚወጣው የነርቭ ሥር ይታያሉ። የተያዘ ነርቭ ብዙውን ጊዜ ያበጠና የተወጠረ ነው።

ሐኪሙ ነርቩን በቀጭን መሣሪያ ቀስ አድርጎ ወደ መሐል ያሸሻል። ከበታቹ ነጣ ያለው የዲስክ ቁራጭ ይገኛል። በረጅምና ቀጭን መቆንጠጫ ይይዘውና ያወጣዋል። አንዳንዴ አንድ ትልቅ ቁራጭ ነው፤ አንዳንዴ ብዙ ትንንሽ ናቸው። ዲስኩ ውስጥም የላላ ነገር ካለ ይለቅማል። መቆንጠጫውን አርቆ ማስገባት ግን አይገባም፤ ከዲስኩ ፊት ለፊት፣ በሆድ በኩል፣ ትላልቅ የደም ሥሮች አሉ። እነሱን መንካት ብርቅ ቢሆንም ሕይወት የሚያሰጋ ነው።

በመጨረሻ ነርቩ ያለ ምንም ክልከላ መንቀሳቀሱን ይፈትሻል። ነርቩ ሲለሰልስና ቦታው ሲሰፋ ሥራው አለቀ። ዲስኩ ላይ ያለው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ አይሰፋም፤ በጠባሳ ነው የሚዘጋው። ጡንቻና ቆዳ ይሰፋሉ። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ተራ ዲስክ ብረትና ብሎን አያስፈልግም። አጥንትን ከአጥንት ማያያዝ ሌላ ቀዶ ጥገና ነው፤ አጥንቱ ለሚንሸራተትበት ወይም ዲስኩ ደጋግሞ ለሚወጣበት ሰው ሊታሰብ ይችላል። ብረት ይገባበታል ከተባላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ወደዚህ እንዴት ተደረሰ?

በ1908 በርሊን ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ኦፐንሃይምና የቀዶ ሐኪሙ ክራውዘ ከአንድ ታካሚ ወገብ እንዲህ ያለ ቁራጭ አውጥተው ታካሚው ተሻለው። ያወጡትን ግን እጢ ነው ብለው ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ጆሴፍ ባርና ዊልያም ሚክስተር እጢ ተብለው በማኅደር የተቀመጡ ናሙናዎችን እንደገና መረመሩ። ብዙዎቹ የዲስክ ቁራጭ ሆነው ተገኙ። ግኝታቸው በ1934 ታተመ፤ ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ምንጩ ዲስክ መሆኑን ዓለም የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚያን ዘመን ቀዶ ጥገና ግን ሰፊ አጥንት የሚያነሳ ከባድ ሥራ ነበር። በ1977 በዙሪክ የቱርክ ተወላጁ ጋዚ ያሳርጊልና በጀርመን ቮልፍሃርድ ካስፓር በማይክሮስኮፕ መሥራትን በየፊናቸው አቀረቡ፤ ቁስሉ ጠበበ። በ1997 ደግሞ ጡንቻን ሳይገለብጡ በመካከሉ ቱቦ አስገብቶ መሥራት መጣ። ዛሬ በካሜራ ብቻ የሚሠራም አለ። ልምድ ባለው እጅ ከሆነ የሁሉም ውጤት ተቀራራቢ ነው፤ ከመሣሪያው ይልቅ የሐኪሙን ልምድ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

በመካከሉ የተሞከረ ሌላ መንገድ ነበር። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ላይመን ስሚዝ ከፓፓያ የሚገኝ ኢንዛይም በመርፌ ዲስኩ ውስጥ በመስጠት እምብርቱን ለማሟሟት ሞከረ። ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ሆኖም በአንዳንዱ ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂና የነርቭ ጉዳት አምጥቷል፤ ኋላም ከገበያ ወጥቷል።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች የሚሠለጥኑት ለረጅም ጊዜ ውጭ አገር ነበር። በ2006 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይ በርገን ሐኪሞች ጋር በመተባበር ሥልጠናው በአገር ውስጥ ተጀመረ። ያ ጅምር ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ ይህ ቀዶ ጥገና በአገር ውስጥ ይሠራል፤ ለእሱ ብቻ ብሎ ቤት ሸጦ መሰደድ የመጀመሪያው አማራጭ መሆን የለበትም።

ለማን ይጠቅማል?

በ1983 የታተመው የኖርዌያዊው ሄንሪክ ቬበር ጥናት 126 ሰዎችን በዕጣ የሚሠሩና የማይሠሩ ብሎ ለሁለት ከፈለ። የተሠሩት በአንደኛው ዓመት በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። በ4ኛው ዓመት ልዩነቱ ጠበበ፤ በ10ኛው ዓመት ሁለቱ ተቀራርበው ተገኙ።

በ2007 ደግሞ ሆላንዶች ከ6 እስከ 12 ሳምንት እግራቸውን ያመማቸውን 283 ሰዎች ፈተሹ። ግማሹ ቶሎ እንዲሠሩ፣ ግማሹ እንዲጠብቁ ሆነ። ቶሎ የተሠሩት የእግር ሕመም በፍጥነት ለቀቃቸው። ከሚጠብቁት 39 በመቶው ሕመሙ ስላልተዋቸው ኋላ ላይ ተሠሩ፤ የቀሩት ሳይሠሩ ዳኑ። በዓመቱ ከሁለቱም ወገን 95 በመቶው «ድኛለሁ» አሉ።

ሕመሙ ለቆየባቸው ግን መልሱ ይለያል። በ2020 የታተመ የካናዳ ጥናት ከ4 እስከ 12 ወር የታመሙ 128 ሰዎችን ተከታትሏል። ከ10 በሚሰጥ ነጥብ 8 ገደማ የነበረው የእግር ሕመም ከ6 ወር በኋላ በተሠሩት ላይ ወደ 2.8 ወረደ፤ ባልተሠሩት ላይ 5.2 ላይ ቀረ።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው ትርጉማቸው ግልጽ ነው። አደገኛ ምልክት ለሌለው ሰው ቀዶ ጥገናው የሚሰጠው ጊዜን ነው፤ ከወራት ስቃይ ይገላግላል። መጠበቅ የሚችል ሰው ቢጠብቅ ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ነገር የለም። ሕመሙ ለወራት አልለቅ ያለውና ፎቶው ከሕመሙ ጋር የሚገጥምለት ሰው ደግሞ በፍርሃት ብቻ መሰቃየት የለበትም።

ከዚያ በኋላስ?

ብዙ ሰው በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ይራመዳል፤ ቶሎም ወደ ቤቱ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚለቀው ወደ እግር የሚነዝረው ሕመም ነው፤ አንዳንዱ ከሰመመኑ ሲነቃ ይጠፋለታል። መደንዘዙና ድካሙ ግን ወራት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ነርቭ የሚያገግመው በዝግታ ነው። ለረጅም ጊዜ የደነዘዘው ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። የወገብ ሕመሙም በከፊል ሊቀር ይችላል፤ ዲስኩ አልተጠገነምና። ይህን ሳያውቁ የተሠሩ ሰዎች እግራቸው ድኖም «አልዳንኩም» ብለው ያዝናሉ።

ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት፣ ማጎንበስና ወገብን ማጣመም ይከለከላል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ሸክም የሚሠራ ግን 2 ወይም 3 ወር ሊያስፈልገው ስለሚችል ቤተሰቡ ለዚያ ጊዜ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

አደጋዎቹም ይነገሩ። በቀዳዳው በኩል እምብርቱ እንደገና ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። የነርቩ ከረጢት ሊቀደድና ፈሳሽ ሊያፈስ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይጠገናል። ኢንፌክሽንና የነርቭ ጉዳት ጥቂት ሰዎችን ያጋጥማሉ። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚፈስ ነገር፣ አዲስ ድካም ወይም የሽንት ችግር ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ እነዚህን ጠይቁ። የትኛው ነርቭ ነው የተያዘው? ፎቶው ከእግሬ ሕመም ጋር ይገጥማል? ብጠብቅ ምን አጣለሁ? ከሕመሜ የትኛው ይለቀኛል፣ የትኛው ሊቀር ይችላል? ብረት ይገባል ወይ፣ ከገባስ ለምን? ይህን ቀዶ ጥገና ምን ያህል ጊዜ ሠርተዋል?

ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ ደስ ብሎት ይመልሳል፤ ታካሚው የሚገባበትን ሲያውቅ ለሱም ሥራው ይቀላልና። መልሱን ሰምታችሁ የተጫነው ነርቭ የትኛው እንደሆነ፣ ምን እንደሚነሳለትና ምን እንደሚቀርለት በራሳችሁ አንደበት ለቤተሰባችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ እሺም በሉ እምቢ፣ ውሳኔያችሁ በእውቀት ላይ የቆመ ነው። ማስረዳት ካቃታችሁ ግን ፊርማውን አቆዩና እንደገና ጠይቁ።